ትኬት ፍለጋ አይደለም

«ብቻቸውን የሚዞሩ አዛውንት ፈረንጆች በዓል ላይ በነፃ የሚሠሩት ትኬት ላለመክፈል ነው» ያልከው ወንድሜ፣ ትንሽ ላርምህ። በእንግሊዙ የሙዚቃ ፌስቲቫል በግላስተንበሪ ያስኬድ ይሆናል፤ እዚያ በጎ ፈቃደኛው ለመግቢያ አይከፍልም፣ በምትኩ ፈረቃ ይሠራል። ጃን ሜዳ ግን የምን ትኬት? ጥምቀትን ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. ቢመዘግበውም መግቢያው ያው ነፃ ነው።

ለከተራ ስድስት ኪሎ ላይ አንድ ሰባን የተሻገሩ ፈረንጅ ሴትዮ ከሰፈር ልጆች ጋር ቀዩን ምንጣፍ ሲጠቀልሉ አይቻለሁ። ጉልበታቸውን አሸት አሸት ያደርጉና እንደገና ወደፊት ይሮጣሉ። «ማዘር፣ ቀስ!» ይሏቸዋል ልጆቹ። (ምንጣፉ ደግሞ ቀላል እንዳይመስልህ።) ለምን እንደሚያግዙ ጠየቅኳቸው። እንደነገሩኝ፣ ዳር ቆመው ሲያዩ ስማቸውን እንኳ የጠየቃቸው የለም። ምንጣፉን ከያዙ ወዲህ ግን ሦስት ቤት ቡና ተጠርተዋል።