የቡገንቪል ኮንቴይነር ሁለት ቁልፍ ነበረው

እ.ኤ.አ. በ2019 ማብቂያ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ፣ የፓፓዋ ኒው ጊኒ አካል በሆነችው በቡገንቪል ደሴት ድምፅ ከሰጡት ከመቶ 98 ያህሉ ነፃነትን መርጠዋል። ቡገንቪል ግን ዛሬም ነፃ አገር አይደለችም። መንገዱን የዘጋው በ2001 አራዋ ላይ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ነው፤ የቡገንቪልና የፓፓዋ ኒው ጊኒ መንግሥታት ከተመካከሩበት በኋላ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው የፓፓዋ ኒው ጊኒ ብሔራዊ ፓርላማ ነው ይላልና።

ይህን አንቀጽ የሚያጣጥሉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን በጊዜው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። በፓንጉና የመዳብ ማዕድን ሰበብ በ1988 ተጀምሮ አሥር ዓመት ገደማ የዘለቀው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ጨርሷል። ለደሴቲቱ ሕዝበ ውሳኔውን፣ ለዋና ከተማዋ ለፖርት ሞርስቢ፣ ማለትም ለማዕከላዊው መንግሥት፣ የመጨረሻውን ቃል የሰጠ ስምምነት ባይገኝ ኖሮ ታጣቂዎቹ መሣሪያቸውን ኮንቴይነር ውስጥ ባላስገቡ ነበር። እያንዳንዱ ኮንቴይነር የሚዘጋው በሁለት ቁልፍ ሲሆን፣ አንዱ በታጣቂዎቹ አዛዥ፣ ሌላው በተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች እጅ ይቀመጥ ነበር፤ ማንም ብቻውን ሊከፍተው አይችልም።

የፓርላማው በር ግን ቁልፉ አንድ ነው፣ ያለውም በፖርት ሞርስቢ እጅ ነው። ማጽደቂያው በተራ አብላጫ ይሁን ወይስ ከዚያ በላቀ ድምፅ የሚለው ክርክር ብቻውን ዓመታት ፈጅቷል። በእርግጥ የቃል ጥራት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የአልጀርሱ ስምምነት የድንበር ኮሚሽኑን ውሳኔ «የመጨረሻና አስገዳጅ» ቢለውም፣ እኛና ኤርትራ ከ2002 እስከ 2018 ስንፋጠጥበት ኖረናል።

የፖርት ሞርስቢ ስጋት መሠረተ ቢስ አይደለም። ከ800 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት አገር አንዱ ሲወጣ ሌላው እንዳይከተል መፍራት ያለ ነው። ይሁን እንጂ ቀጠሮ ማራዘም ስጋቱን አያስቀረውም። የቀድሞው የአማፂያን አዛዥ፣ የዛሬው የቡገንቪል ፕሬዚዳንት ኢሽማኤል ቶሮአማ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2027ን የነፃነት ቀን አድርገው ይዘዋል። ሁለቱ ወገኖች በ2025 በኒውዚላንዷ በርንሃም ተገናኝተው ሌላ ስምምነት ፈርመዋል። አሁን ጠረጴዛው ላይ መውጣት ያለበት «ትውጣ ወይስ ትቆይ» የሚለው ሳይሆን አወጣጡ ነው፤ በጀቷ በአመዛኙ ከማዕከላዊው መንግሥት ለሚመጣላት ደሴት ድጎማው በስንት ዓመት ይቀንስ፣ ገንዘቧ ምን ይሁን፣ በሌሎች ክፍለ ሀገራት የሚኖሩ ቡገንቪላውያን ዜግነታቸው የየት ይሁን?