ከመቃብር የወጣው የግጥም መጽሐፍ

እንግሊዛዊው ሠዓሊና ገጣሚ ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ «ግጥሞች» የተባለውን መድብሉን በ1870 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ለንደን ላይ አሳተመ። ከግጥሞቹ አንዳንዶቹ ከሟች ሚስቱ ከኤልሳቤጥ ሲዳል ጋር ተቀብረው የቆዩ ናቸው። ታዲያ ይህን የሚያውቅ አንባቢ መጽሐፉን በምን ዓይን ይየው? ሁለት አንባቢዎች አልተስማሙም።

ከሳሽ፦ እኔ መጽሐፉን ስገልጥ መጀመሪያ የሚታየኝ የሬሳ ሣጥን ነው። ሊዚ፣ ማለት ኤልሳቤጥ፣ በ1862 ሎደነም የሚባለውን የኦፒየም መድኃኒት አብዝታ ወስዳ ሞተች። ባልየው ጸጸት ያዘውና የእጅ ጽሑፉን ከእሷ ጋር አስቀበረ። እሺ። በ1869 ግን ሐሳቡን ቀየረ። ለንደን ሃይጌት ያለው መቃብሯ በሌሊት ተቆፈረ። እሱ እንኳ አልሄደም፤ ሰው ላከ። ለሙት የሰጡትን መልሶ መውሰድ የትኛው አገር ነው ነውር ያልሆነው?

ጠበቃ፦ ነውርነቱን አልክድም፣ እህቴ። ግን ሰውዬውን ክሰሺ እንጂ ግጥሙ ምን አጠፋ? «ጄኒ»ን እንውሰድ። አንድ ወጣት ከአንዲት ሴተኛ አዳሪ ቤት ያመሻል። እሷ ጉልበቱ ላይ ተኝታለች። እሱ ያዝናል፣ ይፈላሰፋል፣ ይፈርዳል። ሲነጋ ሳንቲም ጸጉሯ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ያንን ሰው ገጣሚው እያጋለጠው አይመስልሽም?

ከሳሽ፦ እሷስ ምን አለች?

ጠበቃ፦ ምንም። ነገሩ እኮ እሱ ነው።

ከሳሽ፦ ነገሩ እሱ ነው፣ ልክ ነህ። የሮሴቲ ሴቶች ወይ ይተኛሉ፣ ወይ ይሞታሉ፣ ወይ ሸራ ላይ ይሰቀላሉ። እዚያው መድብል ውስጥ «ሥዕሉ» የሚል ግጥም አለ፤ ሴትዮዋ ሞታ ምስሏ ቀርቷል። ሊዚ ራሷ ትሥል ነበር፤ ሃያሲው ጆን ረስኪን ሥራዎቿን ገዝቷል። ግጥምም ትጽፍ ነበር። በሕይወቷ ግን አንድም አልታተመላትም። ሰው የሚያውቃት ለሠዓሊው ሚሌ «ኦፊሊያ» ለተባለ ሥዕል ሞዴል ሆና ውኃ ገንዳ ውስጥ ተጋድማ ነው፤ ውኃውን የሚያሞቁት መብራቶች ጠፍተው በብርድ ታመመች። ይህን የታዘበችው የሮሴቲ የገዛ እህቱ ናት። ክርስቲና በ1856 ስለ አንድ ሠዓሊ ስቱዲዮ ጻፈች፦ በየሸራው ያችው አንዲት ፊት፣ እንዳለችው ሳይሆን እሱ በሕልሙ እንደሚያያት። ያም ቢሆን የታተመው ክርስቲና ከሞተች በኋላ በ1896 ነው።

ጠበቃ፦ የክርስቲናን ግጥም በደንብ የገባሽ የወንድሟን ሥራ ስለምታውቂ አይደለም? የሱን ብትጥዪው የእሷ መልስ ለማን ይሆናል? ደግሞ በጊዜው እነ ሃያሲው ሮበርት ቡካነን መጽሐፉን በ1871 «የሥጋ ግጥም» ብለው ሲያብጠለጥሉት ስለ ሊዚ ተቆርቁረው አልነበረም። ጨዋነት ተነካ ብለው ነው። ከነሱ ጋር አንድ ወገን እንዳትሆኚ።

ከሳሽ፦ አልሆንም፤ አነባለሁ። ግን ያ ደብተር ሲወጣ ትል በልቶት ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳችው፣ ሮሴቲ አጥብቆ የፈለጋት «ጄኒ» ነበረች። ገጾቿን ትልቅ ቀዳዳ ወግቷቸው ነበር።

ጠበቃ፦ እና?

ከሳሽ፦ እናማ ትሉ የሊዚን ወገን ይዟል።