ባህል አምባ ቲያትር ብቻ አይደለም

ስለ ደሴው ወሎ ባህል አምባ የጻፋችሁት ጽሁፍ ደስ ይላል ግን ቤቱን ቲያትር ቤት ብቻ አድርጋችሁ ማቅረባችሁ አልተመቸኝም። ኧረ ስንቱን የያዘ ቤት ነው! ከእህቴ ልጆች ጋ የሄድኩ ለት መድረኩ ላይ ሙዚቃና እስክስታ፣ በጎን ደግሞ የስዕል ኤግዚቢሽን ነበር፣ ሰዉ ግን ወንበር ለመያዝ ሲጋፋ ስዕሉን ዞር ብሎም አላየው፣ እናንተ ቀደም ብላችሁ ሂዱና እሱንም እዩ። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ከተዘረፈ ወዲህማ ለኛ ኤግዚቢሽን ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔን ወላሂ ያንሰፈሰፈኝ አምባሰል ሲጫወቱ ነው። ከአራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝት ባቲና አምባሰል የኛው የወሎ አገር ስም ናቸው እኮ፣ የባቲን ሰኞ ገበያ አይቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ቅኝቱን በላይቭ ማሲንቆ ሲሰማ ፊቱን ማየት ነው። ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ዘፋኝ ከወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን የወጣችው በከንቱ አይደለም፣ ወሎ መድረክ ካገኘ ሰው ያወጣል።

ከሩቅ የምትመጡ ቀን ላይ አይጠየፍን ጎብኙ፣ ንጉስ ሚካኤል ያሰሩት የግብር አዳራሽ ነው፣ ማታ ወደ ሾው። ጃኬት ያዙ ብቻ፣ የደሴ ብርድ ቀልድ አያውቅም 😂