ሙት በእግሩ አይሄድም

ወገኖቼ፣ በቱሉ ዲምቱ ዙሪያ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች የምትኖሩ፣ ጎረቤቶቼም ሆናችሁ የማላውቃችሁ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣዬን ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

ወሬው እንዲህ ነው። አራተኛ ፎቅ ተከራይቶ ይኖር የነበረው ሰውዬ ከሞተ በኋላ አላረፈም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ከመቃብሩ ይነሣል። በባሕር ዛፉ ሥር ያልፋል፣ የብሎኩን ደረጃ ይወጣል፣ በየፎቁ እየቆመ በር ያንኳኳል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ጡሩምባ ለምን አልተነፋልኝም?» ይላል አሉ። መልስ ባጣበት በር ላይ የጭቃ መዳፍ አትሞ ይመለሳል።

ወሬው ቆንጆ ነው፤ የፈጠረውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ። ያመጣው ጣጣ ነው ያናደደኝ። ባጃጆች ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ለማለፍ እጥፍ ይጠይቃሉ። ልጆች ሽንት ቤት እንኳ ብቻቸውን አንሄድም ብለዋል። ማታ ጅብ በጮኸ ቁጥር «ይኸው መጣ» እየተባለ በር ይቀረቀራል። የከተማ ዳር ላይ ቤት ደርሷችሁ ስትገቡ ጅብ እንዳለ ማንም አልነገራችሁም?

ከሁሉ የባሰው የእማሆይ ነገር ነው። በየስልካችሁ የተቀባበላችሁት «ነጭ ለባሹ ሙት» እሳቸው ናቸው። እማሆይ የሚኖሩት አንድ ቤተሰብ ለአባቱ ባሠራው መቃብር ቤት ውስጥ ነው። ገብቼ አይቻለሁ። ፍራሻቸው በመቃብሩ እምነበረድና በብረት በሩ መካከል ልክክ ብሎ ነው የገባው። ሻማቸውን የሚያቆሙት ከሟቹ ፎቶግራፍ ሥር ነው፤ ጢሱ የሰውዬውን አገጭ አጥቁሮታል። የሽሮ ጣሳቸው መስቀሉ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው ለኪዳን ይወጣሉ። የቀረጻችኋቸው ያኔ ነው። በዚህ አገር ሌሊት ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ብርቅ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ጎረምሶች ድንጋይ ወርውረው ጉልበታቸውን መቷቸው። «ሙት አይደለሁም ብዬ ብጮህ ጊዜ ባሰባቸው» አሉኝ። እየሳቁ ነው የነገሩኝ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ደግሞ መዋጮው። ሙቱን የሚያስር አዋቂ ከክፍለ ሀገር ይምጣ ተብሎ በየቤቱ ብር ተሰበሰበ። ማንም አላንገራገረም። ለቀብሩ ጊዜ በር ስናንኳኳ «ባለቤቴ የለም»፣ «ነገ ተመለሱ»፣ «እኔ እኮ አላውቀውም» ያሉት እነዚያው ቤቶች በሁለት ማታ ሞሉ። አዋቂውም መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ሄደ። ማግስቱን ሙቱ እንደገና ታየ ተባለ። ይታየዋ! በዚህ ዋጋ ማን ያርፋል?

አሁን ስለ ሰውዬው እንነጋገር። ዘበኛ ነበር። ማታ ወጥቶ ንጋት ላይ ነው የሚገባው። በሕይወት ሳለ በሌሊት ደረጃውን የሚወጣው እሱ ነበር፤ ያኔ የእግሩን ኮቴ የሰማ የለም። ሲሞት በሩ ተዘግቶ ከረመ። የነገረን ሽታው ነው። ፖሊስ መጣ፣ አስከሬኑ ለምርመራ ሄደ፣ ተመለሰ። ሳጥኑን የሚሸከም አራት ሰው ጠፍቶ ሁለት የታክሲ ረዳቶች ከመንገድ ተለምነው መጡ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ጎረቤቶቹ እነሱ ሆኑ። በእንጨት መስቀሉ ላይ ስሙ በእስክሪብቶ ተጻፈ። አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር። በመጀመሪያው ዝናብ ስህተቱም ስሙም አብረው ታጠቡ።

ሙት ይንከራተታል ትሉኛላችሁ። እኔም ይንከራተታል እላለሁ። ይህ ከተማ የሚንከራተት ሙት ሞልቶታል። ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ተደበቀ፤ አስከሬናቸው በዓታ የገባው ቤተ መንግሥት ውስጥ ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ሞቱ ተባለ። ዐፅማቸው እዚያው ቤተ መንግሥት ከወለል ሥር የተገኘው በ1984 ነው። ከዚያም በዓታ ተቀምጦ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት በጥቅምት 1993 ነው። ከሞቱ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ማለት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 የተረሸኑት ባለሥልጣናትም እስር ቤት ግቢ ውስጥ በአንድ ጉድጓድ ተጥለው ቆይተው፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው ወጥተው ሥላሴ የገቡት። የቀይ ሽብሮቹን ዐፅም ለመለየት ባለሙያ ከአርጀንቲና ድረስ መጥቷል። መስቀል አደባባይ ያለው የሰማዕታት ሙዚየም በ2002 ሲከፈት የራስ ቅሎቹ በመስታወት ውስጥ ተደርድረው ነው የጠበቁን።

ከእነዚህ መካከል ግን በእግሩ የሄደ አንድም የለም። የደበቃቸውም፣ ያወጣቸውም፣ ከቦታ ቦታ ያዞራቸውም ሕያው ሰው ነው።

በቀይ ሽብር ዘመን እናት ልጇ በር ላይ ተጥሎ እያየች ማልቀስ ተከልክላ ነበር። ማቅ መልበስ ያስጠይቃል፣ ድንኳን መትከል ያስጠይቃል። እንዲያም ሆኖ ሰዉ በድብቅ ያለቅስ ነበር። ጓዳ ገብቶ፣ ትራስ ነክሶ፣ እንጀራ የሚጋገር አስመስሎ ጢስ አጭሶ። ለእነሱ ከልካያቸው ጠመንጃ ነበር። እናንተን ለአራተኛው ፎቅ ሰውዬ እንዳታለቅሱ ማን ከለከላችሁ? የትኛው ካድሬ በር ላይ ቆመባችሁ?

«እድራችን እኮ እዚህ አይደለም» ትላላችሁ። አውቃለሁ። ግማሻችሁ ካዛንቺስ፣ ሌላው ፒያሳ፣ ሌላው አራት ኪሎ ነው እስካሁን የምትከፍሉት። ሰፈሩ ፈርሶ እድሩ ቀርቷል፣ ደግ ነው። ግን እናንተ ስትሞቱ ከካዛንቺስ ተነሥቶ ቃሊቲን አቋርጦ የሚመጣው ሰው እስኪደርስ አስከሬናችሁ አጠገብ የሚቀመጠው ማነው? እዚህ ያቋቋምነው እድርም ቢሆን ደንቡ «ተከራይ አይመዘገብም» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፋችሁ ሽማግሌዎች፣ አክብሬያችሁ ነው የምናገረው፣ አሳፋሪ ነገር ጽፋችኋል። ሞት የቤት ካርታ አይጠይቅም። ዛሬ ነገ ሳትሉ ሰርዙት።

የመቃብር ብረት እየነቀላችሁ ለቆራሌው የምትሸጡትም አላችሁ። ለእናንተ ብዙ ቃል አላባክንም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙታንን ዕረፍትና ክብር መድፈር ወንጀል ነው ይላል። ሙቱን ካልፈራችሁ ዳኛውን ፍሩ።

እማሆይን ያስደበደበውን ቪዲዮ የለቀቃችሁ ልጆች አጥፉት። አጥፍታችሁም እግራቸው ሥር ወድቃችሁ ይቅርታ ጠይቁ። ወላጆቻችሁ አብረዋችሁ ይሂዱ፤ ጉልበታቸው አሁንም አብጧል፣ ቅባትም ያስፈልጋቸዋል።

የሰውዬው አርባ ማንም ሳያስታውሰው አለፈ። ሰማንያው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ካህናቱን አነጋግሬያለሁ፣ ፍትሐቱ ይደረጋል። ስሙ በትክክል ተጽፎ በብረት መስቀል ላይ ይቀመጣል፣ ብየዳው ተከፍሏል። ድንኳኑን ከመንገዱ ማዶ ካለው እድር ተውሰናል፤ እሑድ ጠዋት ይመለሳል። የጎደለን ካስማ የሚመታ ሰው፣ ሁለት ትልልቅ ድስትና እንጀራ ነው። ለአዋቂው ብር ያዋጣችሁ በሙሉ እንጀራ ይዛችሁ ኑ። ተከራዮችም ኑ፤ መዝገቡን ይዤ በር ላይ እቀመጣለሁ።