ለክቡር ቢጫ ዋግ፦ ከሞረትና ጅሩ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡርነትዎ፣

በመስቀል ማግሥት አማቴን ይዤ ወደ ማሳዬ የወረድሁት ለኩራት እንደ ነበር አልክድም። ምርጡን ዘር የሸጠልኝ ሰው «ይህን ስንዴ ዋግ አይነካውም» ብሎ ስለ ማለልኝ፣ እኔም በተራዬ ለጎረቤቴ፣ ለዕድርተኛው፣ በመጨረሻም ለአማቴ ምዬ ነበር። እርሳቸው ለበዓሉ የታጠበ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በስንዴው መካከል አለፉ፤ በወዲያኛው ጫፍ ሲወጡ ግን ከወገባቸው በታች ዐደይ አበባ መስለው ነበር። የጋቢውን ጥለት ገልበጥ አድርገው ተመለከቱት፤ አንድ ቅጠል ቀጥፈውም በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያም ድምፃቸውን ሳያነሡ «ልጄ፣ እርድ ነው እንዴ የዘራኸው?» አሉኝ። ከሰርጌ ጀምሮ ስድስት ዓመት ያከማቸሁትን ክብር በአንድ ጧት ዱቄት አለበሱት። ጋቢው ሁለት ጊዜ ታጥቧል፤ ጥያቄው ግን በየማኅበሩ እየተደገመ ነው።

ከዚያ ወዲህ የእርስዎን፣ የስንዴ በሽታ የሆኑትን የክቡር ፈንገሱን፣ ታሪክ ሳነብ አመሻለሁ። ለካስ በስንዴው ህዋስ ውስጥ ዘበኛ የሆነ ፕሮቲን ኖሯል። እርስዎ በቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳ ገብተው፣ ህዋሱን አደንዝዘው ለመመገብ የራስዎን ፕሮቲኖች ሲያስገቡ፣ ዘበኛው ከእነርሱ አንዷን ካወቃት ያለ ደብዳቤና ያለ ማኅተም ይነሣል። የአጎትዎን ልጅ ግንድ ዋግን የሚመክተው ኤስአር 35 የተባለው ፕሮቲን ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ሲሆን፣ አምስቱ እንደ መንኮራኩር ተገጣጥመው በህዋሱ ሽፋን ላይ የካልሲየም መግቢያ እንደሚከፍቱ ታየ። የተደፈረው ህዋስ በዚህ ሰበብ ራሱን ይገድላል፤ እርስዎም ከሕያው እንጂ ከበድን የማይበሉ ጨዋ ነዎትና እዚያው ጾምዎን ያድራሉ። የእኛ ቢሮ አምስት ፊርማ ለማገጣጠም ስንት ወር እንደሚፈጅበት እርስዎም ያውቁታል።

ችግሩ ዘበኛው የሚለየው አንድ መልክ ብቻ መሆኑ ነው። የታወቀችብዎትን ፕሮቲን በጥቂቱ ከለወጧት ወይም ጨርሰው ከጣሏት፣ «ደኅና አደሩ» ብሎ ያሳልፍዎታል። ዋይአር 27 በተባለ ዘረመል ይጠበቅ የነበረውን ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያዋረዱት በዚሁ ጥበብ ነው። ዲገሉ የተባለውን ሌላ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሌና አርሲ ላይ የጨረሰው የአጎትዎ ልጅ ስለሆነ፣ እርሱን በሌላ ደብዳቤ አገኘዋለሁ።

አምና የአጎቴን እርሻ ለበሉት ይቅር ብለናል።

ዘንድሮ ግን፣ አንተ የማታፍር፣ ያ ማሳ የሁለት ልጆቼ የደብተርና የልብስ ዋጋ ነበር! ጎረቤት ከጎረቤት አንድ ዓይነት ዘር ዘርተን፣ በመረሬው ሁሉ ላይ አንድ ዘበኛ አቁመን፣ አንተ አንድ ጊዜ መልክህን ብትለውጥ የሁላችንም በር እንደሚከፈት አንድም ሰው አልነገረንም። «ዋግ አይነካውም» ያለን ሰው የትኛውን ዋግ፣ እስከ መቼ እንደ ሆነ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም። በአንድ ዝርያ ውስጥ ሦስት አራት ዘበኛ ተደርቦ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማታለል ይከብድህ ነበር፤ ይህን የሚያውቁ ሰዎች እያሉ እኔ ከአማቴ ጋቢ ላይ ልማረው?

ይቅርታዎን፤ አንቱታውን ዘነጋሁት።

ጉዳቱን ለማስመዝገብ የሄድሁበትን ቢሮ አላማም። የማሳው ስፋት በካሬ ሜትር፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ (የእኔ እንጂ የስንዴው አይደለም)፣ የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ፤ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ናቸው። ቅፄ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እስኪሻገር ሁለት ሳምንት አለፈ፤ በዚህ ጊዜ እርስዎ አዲስ ትውልድ አፍርተው ወደ ታችኛው ማሳ ተሻግረዋል። አሁን የቀረው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው፤ «የጉዳት አድራሹ ስምና ፊርማ» ይላል። በነፋስ ስለሚጓዙ የትራንስፖርት ችግር የለብዎትምና ማክሰኞ ቢመጡልኝ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ግን በማለዳ ይነሡ።