ፋዘር፣ ከዘራ አይገባም

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ገጽ ላይ የምጽፈው «እንኳን አደረሳችሁ» እና «ነፍስ ይማር» ብቻ ነው። ዛሬ ግን የሚያጽፈኝ ጉልበቴ ነው።

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ልጄና ባሏ ሥራ ይውላሉ። ሞግዚት ማግኘት እንዴት እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ልጆቹ ጠዋት እኛ ቤት ይጣላሉ፣ ማታ ይወሰዳሉ። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትንሹ አምስት። ስልኬን እየተቀባበሉ ዓይናቸው እስኪቀላ ጌም ሲጫወቱ አየሁና «ተነሱ፣ ከተማችሁን ላሳያችሁ» አልኩ። ባለቤቴ ቡና እየቆላች ቀና ብላ «በዚህ ጉልበትህ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ይችን መስመር ባታነባት ይሻላል።

ቀድሜ ልናገር፤ ብሶቴ መሀል ከተማ ለልጅ የሚታይ ነገር ጠፋ አይደለም። ሞልቷል። ብሶቴ ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ቤታችን ቀበና ስለሆነ በአምስት ኪሎ ጀመርን። ብሔራዊ ሙዚየም። ድንቅነሽን አዩ። በ1967 ኅዳር ላይ አፋር ውስጥ ሐዳር እንደተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናት ነገርኳቸው። ለእይታ የተቀመጠው ቅጂው እንደሆነ፣ ዋናው አጥንት ተቆልፎ እንደሚጠበቅም ነገርኳቸው። ይሄኛውን ባልናገር ይሻል ነበር። ትልቋ «ታዲያ ውሸት ነዋ!» ብላ ልትወጣ ነበር።

ትንሹን የያዘችው ሰላም ናት። ሦስት ዓመት ገደማ ላይ የሞተች ሕፃን። የኛው ሳይንቲስት ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት። ሰው ሁሉ «የሉሲ ልጅ» ይላታል፤ እኔም እንደ ሰው አልኩ። ትልቋ ቁጥር አይቶ ማለፍ አታውቅም። «አባባ፣ ሰላም እኮ 3.3 ሚሊዮን ነች። ልጅ እናቷን በመቶ ሺህ ዓመት ትበልጣለች እንዴ?» ዝም አልኩ። ትንሹ ደግሞ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ደፍጥጦ «እናቷስ የት ሄደች?» አለ።

ለዚህ ለዚህ ነው ከቤት የወጣሁት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከስልክ አይወጣም።

በማግስቱ ስድስት ኪሎ። ከአምስት ኪሎ ለወጣት አሥር ደቂቃ ነው። እኔ ሦስቴ ቆሜ ነው የጨረስኩት። የቆምኩት ግን «ያን ሕንፃ እዩት፣ ይሄን ዛፍ እዩት» እያልኩ ነው። አያት የሆነ ሰው ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ነው። የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አዩ። ትንሹ ገንዳውን ሲያይ «ጃንሆይም ይታጠቡ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እሱ ራሱ በግድ ነው የሚታጠበው። እዚያ ሙዚየም ደስ የሚለኝ የዕቃው አደራደር ነው፤ እንደ ሰው ዕድሜ ነው። ከልጅነት ይጀምራል፣ በጉልምስና ያልፋል፣ ሞት ላይ ያበቃል። ልጆቹ ልጅነት ላይ ቀሩ። እኔም ወደ ማብቂያው ብዙ አልቸኮልኩም።

ከሕንፃው ፊት ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ ታውቁታላችሁ። ጣሊያን ነው የሠራው፤ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ። ከድል በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ይህን ስነግራቸው ትንሹ «አንበሳው ጣሊያኑ ላይ ተቀመጠበት!» ብሎ ጮኸ። ሳልስቅ አላለፍኩም።

ሦስተኛው ቀን ነው ደሜን ያፈላው። የቦታውን ስም አልጠራም። አዲስ ነው፣ ያምራል፣ ልጆቹ ቲክቶክ ላይ አይተውት ሳምንት ሙሉ ሲያልሙት ነው የከረሙት።

በሩ ላይ ብር አወጣሁ። «ፋዘር፣ ካሽ አንቀበልም፣ በስልክ ነው።» ስልኬን አወጣሁ። ሞቷል። ልጆቹ ታክሲ ውስጥ ጌም ሲጫወቱ ጨርሰውታል። ከኋላዬ የቆመ አንድ ወጣት «አባቴ፣ እኔ ልክፈልልዎት» ብሎ ከፈለልኝና ብሩን ተቀበለኝ። እግዜር ይስጠው። እሱ ባይኖር ሁለት የሚያለቅሱ ልጆች ይዤ ነበር የምመለሰው።

ከዚያ ፍተሻ።

«ፋዘር፣ ከዘራ አይገባም።»

«ለምን?»

«መመሪያ ነው።»

«ልጄ፣ ይሄ ዱላ አይደለም። ሦስተኛ እግሬ ነው።»

«ገብቶኛል ፋዘር። ግን መመሪያ ነው።»

ከዘራዬን አስቀመጥኩ። ጃንጥላውም አይገባም ተባለ። ክረምት ነው እኮ! ሰማዩ ጠቁሮ እያየነው! ቀጥሎ ፌስታሉ ተከፈተ። ባለቤቴ አምባሻ ጋግራ፣ እንቁላል ቀቅላ፣ ውሃ ጨምራ የሰጠችኝ ነው። «ምግብ አይገባም፣ ውስጥ ካፌ አለ።» የካፌውን ዋጋ አልነግራችሁም። ከመካከላችሁ ጡረታ የወጣችሁና ደም ግፊት ያለባችሁ አላችሁ። በሩ ላይ ቆመን አምባሻውን ጨረስን። የተረፈውን እንቁላል ለፈታሹ ሰጠሁት። በላ። እሱም ምን ያድርግ፣ መመሪያውን የጻፈው እሱ አይደለም።

ገባን። ሰፊ ነው። ንጹሕ ነው። አበባው ልክ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። መቀመጫ ግን የለም። ዞር አልኩ፣ የለም። ሣር አየሁና ጎንበስ ማለት ስጀምር ፊሽካ ተነፋ። ለካ ክልክል ነው። የአበባ መደቡ ጠርዝ ላይ ልቀመጥ ስል ሌላ ፊሽካ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ኳስ ሜዳ ላይ እንዳለ ተጫዋች ፊሽካ ተነፋብኝ። ቢጫ ካርድ ነበር የቀረኝ። ርቆ አንድ የድንጋይ አግዳሚ አገኘሁ። መደገፊያ የለውም። ጥላ የለውም። መደገፊያ የሌለው ነገር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ እንዴት እንደሚነሳ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በከዘራ ነው። ከዘራው በር ላይ ነው።

ይህን እያሰብኩ ትንሹ ሮጠ። ልጅ ነው፣ ይሮጣል፣ ሊሮጥ ነው የመጣው። እኔ ግን ልከተለው አልቻልኩም። እህቱን ላክኋት። ሁለቱም ጠፉ። አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ እኔ ግን ለልጄ ምን ብዬ እንደምደውል ሁሉ አሰብኩ። ስልኩም ሞቷል እኮ! ሲመለሱ ትንሹ እግሩን አጣምሮ ነው የመጣው። «አባባ፣ ሽንቴ።»

ሽንት ቤቱ ግቢው ዳር ነው፣ ሌላኛው ዳር። ደረስን። ተቆልፏል። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቅናት፣ «ቁልፍ ያለው ልጅ ምሳ ወጥቷል» አለችን። ነውር ነው፣ ግን ዛፍ ፈለግኩ። የተተከሉት ዛፎች ገና የጣት ውፍረት ናቸው። የአምስት ዓመት ልጅ እንኳ አይሸሽጉም። የሆነውን አልጽፍም። ሱሪውን በጋቢዬ ጠቅልዬ ነው የወጣሁት። በዚያ ላይ ዝናቡ መጣ።

ለካ ግቢው ውስጥ መደገፊያ ያለው ወንበር አንድ አለ። የፈታሹ። ስንወጣ ሲያየን ብድግ ብሎ «ፋዘር፣ ይረፉ» አለና ዝናቡ እስኪያባራ እዚያ ላይ አስቀመጠኝ። ከዘራዬንም ግድግዳ ላይ በጥንቃቄ አስደግፎት ነበር። ሰውየውን ልቆጣው ሄጄ መርቄው ተመለስኩ።

ግንባታ ሲጀመር አጥሩ ላይ የሚለጠፈውን ትልቅ ሥዕል አይታችሁታል? ወጣት አባት፣ ወጣት እናት፣ ፊኛ የያዘች ልጅ። ሁሉም ይስቃሉ። ማንም አይሸናም። ከዘራ የያዘ ሰው የለበትም። እስቲ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ውጡና እዩ፤ ልጅ ይዞ የሚዞረው ማን ነው? ያ ወጣት አባት ቢሮ ነው። እናትየዋም ቢሮ ናት። ልጁን የያዝነው እኛ ነን፤ አንድ እጃችን ልጅ፣ አንድ እጃችን ከዘራ። ሥዕሉን የሳለው ልጅ ራሱ ልጆቹን ዛሬ ማን ጋ እንደተዋቸው ብትጠይቁት «እማዬ ጋ» ነው የሚላችሁ።

የእግረኛ መንገዱ መስፋቱን አልክድም። ድሮ በየጉድጓዱ እየዘለልን ነበር የምንሄደው፤ አሁን ጋሪ እንኳ ይገፋበታል። ግን ሰፊ መንገድ ያለ ማረፊያ ለእኔ ረጅም መንገድ ነው። በዚህ ከተማ ጉልበቴን የሚያስብልኝ ወያላ ብቻ ሆኗል። ሲያየኝ «ፋዘር ጋቢና ግቡ» ብሎ ወጣቱን ያስወርድልኛል።

አራተኛው ቀን ቲኬትም ፍተሻም የሌለበት ነገር አሰብኩ። አንበሳ ቆጠራ። የስድስት ኪሎውን አንድ ብለን ጀምረናል። ሁለተኛው ላጋር፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ። በ1923ቱ የዘውድ በዓል የቆመ ነው፤ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ። ትልቋ «ከስደት ተመላሽ» ብላ ስም አወጣችለት። ከዚያ ሽቅብ ወደ ብሔራዊ ቴአትር። እዚያ ያለው የድንጋይ አንበሳ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የሠራው ነው፣ ለንጉሡ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል። ቅርጹ ማዕዘን ማዕዘን ነው። ትንሹ ዞሮ ዞሮ አየውና «ይሄኛው ሮቦት ነው» አለ።

ደስ የሚል ቀን ነበር። ነፃም ነበር። ማለቴ፣ ነፃ ሊሆን ነበር። ላጋር እንደደረስን «ሽንቴ» ተባለ። ካፌ ገባሁ። «ለተጠቃሚ ብቻ ነው» አሉኝ። ማኪያቶ አዘዝኩ። ቴአትር ጋ ደግሞ «ሽንቴ» ተባለ። ሌላ ካፌ፣ ሌላ ማኪያቶ። ሦስተኛው ላይ የመጣው የእኔው ነበር። ሁለት ማኪያቶ ጠጥቼ ምን ይጠበቃል? ለእሱም ማኪያቶ አዘዝኩ።

ማታ ልጄ ልትወስዳቸው መጥታ «እሺ፣ ምን አያችሁ ዛሬ?» አለች። ትንሹ ቀደመ። «አባባ ሦስት ማኪያቶ ጠጣ፣ እኔ ሁለቴ ሸናሁ።» ባለቤቴ አየችኝ። ሐኪሙ ቡና ቀንስ ብሎኛል።

ቅዳሜ ደግሞ ልንወጣ ነው፣ ቃል ገብቻለሁ። ከላጋር እስከ ቴአትር ባለው መንገድ ያለ ማኪያቶ የሚያስገባ ሽንት ቤት የምታውቁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። መደገፊያ ያለው ወንበር ያያችሁም ካላችሁ እንደዚያው።