«ፋዘር፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል»

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

ዛሬ ከሰዓት፣ ደብረ ብርሃን፣ አንድ ጥገና ቤት። ስሙን አልጠራም፤ ሌላው ዘንድ ብትሄዱም ያው ነው። አንድ አባት መጡ። በርኖስ ደርበዋል፣ ከመሐል ሜዳ በሌሊት የተነሡ ናቸው። በነጠላ የተጠቀለለ ራዲዮ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ የሚበላው ዓይነት ነው፤ የድንጋዩ ክዳን ጠፍቶ በካላማዳሪያ ጎማ ታስሯል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ጠጋኙ ልጅ። ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሣም።

«ድምፅ እምቢ አለኝ ልጄ። ድንጋይም ቀየርኩለት፣ ያው ነው።»

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል። ይጣሉትና ተች ይግዙ። ራዲዮው፣ ሰዓቱ፣ የእጅ ባትሪው፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ አለ።»

«ሳትከፍተው?»

«ምኑ ይከፈታል? ሙዚየም ይስጡት።»

ወረፋ የሚጠብቁት ሳቁ። አባትየው አልተቆጡም። ነጠላውን ዘረጉና ራዲዮውን መልሰው ጠቀለሉት፤ ጫፉን ከጫፉ አስተካክለው፣ ቀስ ብለው። እኔን ያንገበገበኝ ያ ቀስ ማለታቸው ነው።

ደግሞ ክዳን ስለሌለው ችግሩ ከሩቅ ይታያል! ሞላው ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። ድንጋይ ፈሶበት ነው፣ በቃ። ይህንን ለማየት ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግም። ዓይን ብቻ!

ሥራው የሃያ ደቂቃ ነው፤ እዚሁ ልንገራችሁ፣ ቤታችሁ የአባቶቻችሁ ራዲዮ ካለ ራሳችሁ ሥሩት። መጀመሪያ ድንጋዩን አውጡ፣ ዱቄቱን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ወደ ውጭ አራግፉ፣ እፍ አትበሉበት፣ ዓይን ያቃጥላል። የፈሰሰው አልካላይን ከሆነ ጥጥ ላይ ትንሽ አቼቶ ወይም ሎሚ ነክራችሁ ሞላውን አብሱ፤ ያ ፈሳሽ አመድማ ስለሆነ ኮምጣጣ ነው የሚያጠፋው። ተራው ርካሽ ድንጋይ ከሆነ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ እሱ ራሱ አሲድ ስለሆነ በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ነው የሚፈልገው። ጠብታ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ቀጥሎ ሞላው ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈግፍጉት፣ በአልኮል አብሱት፣ ይድረቅ። ካልሠራ ከሞላው ጀርባ ያለችውን ቀጭን ሽቦ ጎተት አድርጉ፤ የፈሰሰው በልቷት ከሆነ በእጃችሁ ትመጣለች፣ ካውያ ነክቶ መልሶ መበየድ ነው። እሷም ደህና ከሆነች የመብራት ገመዱ የሚሰካበትን ቀዳዳ እዩ። እዚያ ውስጥ ገመድ ሲገባ ድንጋዩን የምታቋርጥ ትንሽ ምላስ አለች። ከጊዜ ብዛት ትጣመምና ገመድ ሳይኖርም እንደተቋረጠች ትቀራለች። በመብራት የሚሠራ፣ በድንጋይ እምቢ የሚል ራዲዮ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ እሷን ጠርጥሩ። ስንቱ ራዲዮ በዚህች ምላስ ምክንያት ቆሻሻ ላይ ተጥሏል!

ድምፁ ኮሽ ኮሽ የሚልም ካለ የድምፅ ማስተካከያው ቆሽሾ ነው። አጥፍታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠላሳ ጊዜ አዟዙሩት፤ አብዛኛው በዚሁ ይጠራል።

የድንጋዩ ነገር ደግሞ ለብቻው ያሳብዳል። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ብትዞሩ ሱቆቹ የሞሉት በተራው ነው። ጀርባው ላይ «አር 20» ይላል። «ኤል አር 20» የሚለው ሌላ ነው፤ ያቺ «ኤል» አልካላይን ማለት ናት። ትንሹም እንደዚሁ ነው፣ «አር 6» እና «ኤል አር 6»። ልዩነቱ ስም ብቻ አይደለም። በተራው ድንጋይ ውስጥ ኃይል ሲሰጥ የሚበላው የዚንኩ ጣሳ ራሱ ነው፤ ግድግዳውም ማገዶውም እሱ ነው። እያለቀ ሲሄድ ግድግዳው ይሳሳል፣ ይበሳል፣ ይፈስሳል። አልካላይኑ ከእጥፍ በላይ ይቆያል፣ በእጅም ሲመዘን ከበድ ይላል። አሁን ይህንን ለሻጩ ብትነግሩት «ሁሉም ያው ድንጋይ ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም ጌታዬ!

ሌላም አለ። አሮጌና አዲስ ቀላቅሎ ማስገባት። አራት ድንጋይ ባለበት ሦስቱ ብርቱ፣ አንዱ ደካማ ሲሆን ብርቱዎቹ ደካማውን በግድ ይገፉታል፣ እሱ ነው ቀድሞ የሚፈሰው። አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። አንዱ ተገልብጦ ከገባ ደግሞ 6 ቮልት መሆን የነበረበት 3 ይሆናል፤ ራዲዮው «ሞተ» ይባላል። ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሁላችንም ያየነው ነው። ሙቀቱ ውስጥ ያለውን ሥራ ስለሚያፋጥን ትንሽ ይነቃቃል፣ እውነት ነው፤ ግን የተጨመረ ነገር የለም፣ የሚፈስበትን ቀን ማቅረብ ነው። የተሰጣ ድንጋይ ራዲዮ ውስጥ አታሳድሩ።

እሺ፣ «ሞባይል ውስጥ አለ» ወደሚለው ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ ያናደደኝ እሱ ነው።

የለም! ብዙ አዳዲስ ተች ላይ ኤፍ ኤም ጭራሽ የለም። ያለበትም ኤርፎን ካልተሰካ አይሠራም፤ አንቴናው የኤርፎኑ ገመድ ነዋ። ኤፍ ኤም ደግሞ እንደ ዓይን ነው፣ ፊት ለፊት ካላየ አይደርስም። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ራዲዮው ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሾፌር አለ? የጀማ ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰውስ? አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይ ነጥሮ ነው የሚመለሰው፤ ተራራ አይገድበውም። የዶይቼ ቬለ አማርኛ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህ ገደል ለገደል የተሰማው በዚያ ነው። መካከለኛው ሞገድም፣ የብሔራዊ ራዲዮው 873 ኪሎ ኸርዝ፣ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ይሄዳል። አጭር ሞገድ ያለው ተች አሳዩኝ! አንድ!

«በኢንተርኔት ይሰማል» የሚል ይመጣል ደግሞ። እናስላው። በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት የሚመጣ ድምፅ በሰዓት 29 ሜጋ ባይት ገደማ ይበላል። በቀን ሁለት ሰዓት ቢሰሙ በወር 1.7 ጊጋ ባይት ነው። ኔትወርክ ካለ። መብራት ካለ። ገብስ ሸጦ ለሚኖር ሰው ወሬ ለመስማት በየወሩ ጥቅል ግዛ ማለት ምን ማለት ነው?

የአጭር ሞገድ አያያዝም የረሳን ሰዎች ነን። ቀን ራዲዮው ላይ «25 ሜትር» ከሚለው አካባቢ ፈልጉ፣ ሲመሽ ወደ 41 እና 49 ውረዱ። ደካማ ከሆነ ከአምስት እስከ አሥር ሜትር ተራ የመዳብ ሽቦ አንዱን ጫፍ አንቴናው ላይ ጠምጥሙ፣ ሌላውን በመስኮት አውጥታችሁ ዛፍ ላይ እሰሩ። ከመብራት መስመር አርቁት፤ ነጎድጓድ ሲጀምር ፍቱት። ለመካከለኛው ሞገድ ግን የሚወጣው አንቴና ምንም አይሠራም፤ አንቴናው ውስጥ የተጋደመ ጥቁር ዘንግ ነው። ራዲዮውን ራሱን ሩብ ዙር አዙሩት፣ ጣቢያው ብቅ ይላል። ቤት ውስጥ «ዥዥዥ» የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የራዲዮው ጥፋት አይደለም፤ ርካሽ አምፖልና የሞባይል ቻርጀር የሚረጩት ጩኸት ነው። ቻርጀሩን ንቀሉትና ስሙ። ለዚህ ነው መብራት በጠፋ ሌሊት አጭር ሞገድ እንደ ውሃ የሚጠራው። ያን ጊዜ ተቹ ሞቷል፣ የሽማግሌው ራዲዮ ያወራል።

ብርዱን ደግሞ ማን ይንገራቸው? ደብረ ብርሃን ከባሕር በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ትላለች፣ የጓሳ አካባቢ ደግሞ ከ3,200 በላይ ነው። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ስልኩ 30 ፐርሰንት እያለው ድርግም ይላል። ባትሪው አልቆ አይደለም፤ ሲቀዘቅዝ የውስጥ መከልከሉ ይጨምርና ቮልቱ ይወድቃል፣ ስልኩ ያለቀ መስሎት ይዘጋል። ሸሚዝ ውስጥ፣ ገላ አጠገብ ያዙት። ውርጭ እንደነካው ቀጥታ ቻርጅ ላይ አትሰኩት፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ሊትየሙ ውስጡ እንደ ብረት ይለበጥና ባትሪው ዳግም አይድንም። ይህንን ለገዢ የነገረ ሻጭ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ስልኩ ሲዘጋ ምን ምን አብሮ እንደሚዘጋ ቁጠሩ። የእጅ ባትሪው ጠፋ። ሰዓቱ ጠፋ። ለኪዳን የሚቀሰቅሰው ደወል ጠፋ። ራዲዮው ጠፋ። ሒሳቡ፣ የዘመድ ቁጥሩ፣ ብሩ ሳይቀር! አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለዚህ ነው፤ እኛ ሁሉን ባላ ነቅለን አንዱ ላይ ተሰቀልን። አንድ የጠረጴዛ ሰዓት በአንዲት ትንሽ ድንጋይ ዓመት ይሄዳል። ካሲዮ ኤፍ 91 ደብሊው የሚባለው የእጅ ሰዓት ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ባትሪው ሰባት ዓመት ገደማ፣ ስሕተቱ በወር ሠላሳ ሰከንድ። ምን ይጎድለዋል?

የእጅ ባትሪ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፣ አሮጌ ነገር ሁሉ ደህና አይደለም። ግድግዳ ላይ የሚሰካው ባለ 4 ቮልት ውስጡ እንደ መኪና ባትሪ እርሳስ ነው። ባዶውን ሁለት ሦስት ወር ካስቀመጣችሁት እርሳሱ ላይ ነጭ ጨው ይጋገርና ቻርጅ አይቀበልም። ባትጠቀሙበትም በየወሩ ሰኩት።

በተን ስልክ የያዘ ሰውም ያው ውርደት አለበት። ባለፈው ሳምንት፣ ቢሮውን አልጠራም፣ አንዲት እናት ማስታወቂያ አልደረሰኝም ሲሉ «ቴሌግራም ላይ ለቀነዋል እኮ» ተባሉ። ለእሳቸው! ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ምን ያህል ያስወጣል? ሌላ ቦታ ደግሞ «አፕ ከሌለዎት መክፈል አይችሉም»። ውሸት ነው። ቴሌብር በ*127# በማንኛውም በተን ይሠራል፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ዳታ። ሠራተኛው ሥራውን አያውቅም፣ አላዋቂ የሚባሉት ግን እማማ ናቸው።

ኖኪያ 1100 በ2003 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፣ የእጅ ባትሪ ነበረው፣ አቧራ አይገባውም። ዛሬም የሚሠራ አለ። የሚገድለው ምንድን ነው? አሁንም የሚሸጥለት የውሸት «ቢ ኤል 5 ሲ» ባትሪ። ስትገዙ ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ አስተኝታችሁ በጣት አሽከርክሩት፤ እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧል፣ መልሱት። በቴስተር ለኩት፤ ሙሉው 4.2 ቮልት ገደማ ነው፣ ከ3 በታች ካሳየ ገንዘባችሁን አትስጡ። እውነተኞቹ እንኳ በ2007 እ.ኤ.አ. 46 ሚሊዮን ያህሉ ቻርጅ ላይ ሊግሉ ይችላሉ ተብሎ ነፃ ቅያሪ ቀርቦላቸው ነበር፤ የውሸቱን አስቡት። ይኸው ባትሪ ስንት ትንሽ ራዲዮና ድምፅ ማጉያ ውስጥ እንደሚገባ ደግሞ ቁጠሩት።

ቴፕ ያላችሁ፣ እባካችሁ፣ የሚያነበውን ራስ በአረቄ አትጥረጉ። የአገራችን አረቄ ብርቱ ነው ግን ውሃ አለበት፣ ብረቱን ያዝገዋል። የፋርማሲ አልኮል፣ 90 እና ከዚያ በላይ፣ ጥጥ ላይ ጠብ አድርጉ፤ ጥቁሯን ጎማም አትርሱ፣ ካሴት የሚበላው እሷ ስትቆሽሽ ነው።

ደከመኝ። ልጁን መስደብም አልፈልግም፤ ማንም አላስተማረውም። ስክሪን መቀየር በደቂቃ ብር ያስገባል፣ ሞላ መፈግፈግ አያስገባም። ግን ሳይከፍት? የሰው አባት ፊት ለፊት፣ ሰው እያሳቀ?

አባትየውን ከደጁ ወጥተው አገኘኋቸው። የሞላውን ነገር ሲሰሙ ወዲያው ገባቸው፣ «ታዲያ ይኸው ነው?» አሉ። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «የሚቆየውን ድንጋይ ከየት ልግዛ ልጄ?»

ስድስት ሱቅ ጠየቅን። ስድስቱም አር 20። አንደኛው ላይ ሳይሸጥ ፈሷል።

ለቅዳሜ ገበያ ይመለሳሉ። ኤል አር 20፣ አራት ፍሬ፣ ቀኑ ያላለፈ። ያየ ሰው የሱቁን ሰፈር ይጻፍልኝ።